የቆመ ውሃ

«ይነሡ እንጂ! ምን ተጎልተው ያዩታል?» አለ ሚሊሺያው፣ የጋሽ ወዳጆን ክንድ ጨምድዶ።

ጋሽ ወዳጆ አልተነሡም። ኩሬው ዳር ተንበርክከው አንዱን አሳ በመዳፋቸው ይዘው ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ያመላልሱታል፤ ነፍስ ይዘራ እንደሁ ብለው። አልዘራም። የቀሩትም ነጭ ሆዳቸውን ለሰማይ ሰጥተው ከዳር እስከ ዳር ተንሳፈዋል። አሳ ሲሞት እንኳ አይጮህ፤ ዓለም ከተማ ግን ያን እሑድ ጠዋት ጮኸችለት። በሕይወት ሳለ ዞር ብሎ ያላየው ሁሉ ደረቱን ሊደቃ ምንም አልቀረው።

ጽናት ሸንበቆዋን እንደያዘች ከተማሪዎቹ መሀል ቆማለች። ስምንተኛ ክፍል ናት። የመጣችው ለውድድር ነበር፤ ትልቁን አሳ ማን እንደሚያወጣ ዛሬ ሊለይ ነበር። ግብርናዎች አሳውን በበርሜል አምጥተው ከጨመሩ ወዲህ፣ ቀበሌውም ዙሪያውን ዛፍ ተክሎ «መናፈሻ» ካለው ወዲህ፣ የከተማው ልጅ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ነው። አሳውን የሚበላው ግን የለም። ያገሩ ሰው «ይሄን ቅርፊታም ማን አፉ ያስገባል!» ይላል። ልጆቹ ያወጣሉ፣ ያሳያሉ፣ ይመልሳሉ። መመለሱ የጋሽ ወዳጆ ሕግ ነው፤ ያልመለሰ በከዘራ ይባረራል።

ጋሽ ወዳጆ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና አንድ ካፖርትና አንድ ሳል ይዘው አገራቸው ገቡ። ባሕር የጠበቁ ሰው ኩሬ ጠባቂ ሆኑ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከየቤቱ አተላና ፍርፋሪ እየለመኑ አሳዎቹን አሳደጉ። ጽናትን መንጠቆ ማሰር ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሆዱን አስቀድሞ ደረሰ።

«እርስዎ አይደሉም ‹ከነአሳው ይድረቅላችሁ› ያሉት? በሰው ፊት?»

«ብያለሁ» አሉ ጋሽ ወዳጆ ቀና ሳይሉ። «ከብትዎን መናፈሻው ውስጥ ሲለቁብኝ ተናድጄ ብያለሁ።»

ስለ ከብቱ የሰማ የለም። ሰዉ ጆሮ የገባችው ‹ብያለሁ› የምትለዋ ብቻ ናት።

ያኔ የጽናት ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛዋ ስንታየሁ ሰው ገፍቶ ወጣ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ቀብሯል። «እኔም አይቻለሁ» አለ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ጋሽ ወዳጆ ከከረጢት የሆነ ነገር ሲበትኑ አይቻለሁ።»

ጋሽ ወዳጆ አሁን ቀና አሉ። ልጁን አዩት፣ አዩት። የሞተውን አሳ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ ቀስ አድርገው ውሃው ላይ አኖሩና ተነሡ።

ጽናት ዓርብ ዕለት በእናቷ ሙቀጫ የደቆሰችው ብርብራ ትዝ አላት። ብርብራ የዠማ ወንዝ ቆላ ዛፍ ፍሬ ነው። ስንታየሁ ከአያቱ አገር አምጥቶ «ለበግ ቅማል ነው፣ ደቁሺልኝ፤ ለናንተም በግ ይተርፋል» ብሏት ነበር። አንድ እፍኝ ትቶላት ሄዷል። ላንዲት በግ ይሄ ሁሉ ለምን? ብላ ማሰቧ አልቀረም፤ አልጠየቀችም እንጂ።

ሚሊሺያው ጋሽ ወዳጆን ሲወስድ ስንታየሁ ሹልክ አለ፤ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ደረሰችበት።

«አንተ ነህ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«እሳቸው ምን አደረጉህ?»

«ምንም» አለ። «ዓመቱን ሙሉ አንድ አሳ አላወጣሁም። ሁሉም ሙድ ያዘብኝ፤ አንቺም ስቀሻል። ብርብራ እኮ ያሰክራል እንጂ አይገድልም! አያቴ አገር ዠማ ላይ ይበትኑታል፤ ከሰከረው የፈለጉትን ይይዛሉ፣ የቀረው ታች ወርዶ ይነቃል። ጠዋት መጥቼ ትልቁን በመንጠቆ ያወጣሁ ልመስል ነበር።»

«ዠማ ይሄዳል» አለች ጽናት። «ይሄ ኩሬ የት ይሄዳል?»

ስንታየሁ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰበውም ነበር።

«ሂድና ተናገር።»

«አብደሻል? ፈተናው ሳይደርስ ያባርሩኛል። ቆላ ወርጄ ማሽላ ስጠብቅ ልኑር?» እንባው መጣ። እንባውን በእጅጌው ጠረገና ሌላ ሰው ሆነ። «ደሞ የደቆሰው ማነው? በማን ሙቀጫ? ‹ለበግ ቅማል መስሎኝ› ስትይ ማን ሊያምንሽ ነው?»

ቤት ገብታ ሙቀጫውን በአመድ ፈተገችው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? ሳትታዘዢ ሥራ!» አለች እናቷ።

ጽናት ደግማ ፈተገችው። ከመደቡ ሥር የሸጎጠችውን ትራፊ ዱቄት በጨርቅ ቋጠረችና ጓሮ ወጣች። ልትቀብረው ጉድጓድ ማሰች። ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠች። መልሳ ደፈነችው፣ ባዶውን።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ወዳጆን ወደ ደብረ ብርሃን ሊወስዷቸው ነው ተባለ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሚስታቸው እትዬ ጥሩሸዋ ካፖርቱን ታቅፈው ቆመዋል።

«ደረቱን ታሟል፤ ይቺን ብቻ ላልብሰው።»

«አይቻልም እናቴ» ይላል ፖሊሱ።

«ልጄ፣ ብርድ አይችልም እኮ።»

«አይቻልም አልኩ!»

እንስራ ያዘለች ሴት ስታልፍ «መርዘኛ!» ብላ ምራቋን ተፋች። ባለፈው እሑድ ልጇን ኩሬው ዳር ስታዝናና የዋለች ናት።

ጋሽ ወዳጆ እጃቸውን ታስረው፣ እየሳሉ ወጡ። ሳላቸው ጋብ ሲል ጽናትን አዩአት።

«ጽናት፣ ሸንበቆሽ ላይ ያለውን ክር ፈትተሽ አድርቂው። እርጥቡን ከተውሽው ይበሰብሳል።»

ኩሬው ባዶ ነው። ክሩ ቢበሰብስ ባይበሰብስ ለማን? እሳቸው ግን የሚሉት አጡና እሱን አሉ። ደግፈው ከመኪናው ኋላ ጫኗቸው፤ ካፖርቱ እትዬ ጥሩሸዋ እጅ ላይ ቀረ።

ስንታየሁ ከመንገዱ ማዶ ደብተሩን ታቅፎ ቆሟል። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀላት። ፊቱ የሌሊት እንቅልፍ ያላየ የሽማግሌ ፊት ሆኗል። ጽናት ዓይኗን አልሰበረችም።

«አንቺ ልጅ፣ ዘወር በይ! መኪናው ሊወጣ ነው!» አለ ፖሊሱ።

ዘወር አላለችም። ሄዳ ከመኪናው ፊት ቆመች። ከጉያዋ ጨርቁን አወጣች፤ ቋጠሮው ጠብቆባት በጥርሷ ፈታችው። የብርብራው ምሬት ምላሷ ላይ ቀረ።

«የደቆስኩት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች።