የሚያፏጨው ድንጋይ

ደራሹ ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ተሰማ፤ የሰማውም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሦስቱ መንገደኞች በደረቀው ወንዝ ሆድ ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት በሚውጥ አሸዋ እየዳከሩ ነበር። በላያቸው ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዝናቡ የሚወርደው ከተራሮቹ ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት ነው። ከኋላ የነበረው ሰውዬ ድንገት ቆመና ጭንቅላቱን ዘመም አደረገ።

«ውጡ» አለ።

«ደግሞ ምን ሰማህ?» አሉ ከፊት የሚመሩት ሽማግሌ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

«ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም። ውጡ ነው የምላችሁ።»

በመካከል የነበረችው ባለካሜራ አልጠየቀችም። ቦርሳዋን አቅፋ ሮጠች፤ የዛፍ ሥር ጨብጣ ዳገቱን ቧጠጠች፤ ከላይ ሆና የሽማግሌውን ክንድ ጎተተች። የኋለኛው ሰው ጉልበቱን ደረቅ መሬት ላይ ሲያሳርፍ ውሃው ደረሰ፤ ግንድና ቋጥኝ የተሸከመ ቡናማ ግድግዳ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጠ። የስንቁ ከረጢትና የካሜራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ከታች ቀርተው ነበር። ማቆሚያው እግሮቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ተሽከረከረና ቁልቁል ሄደ።

«ከሁላችንም ብልጡ እሱ ነው፤ ወደ ቤቱ ተመለሰ» አሉ ሽማግሌው ትንፋሻቸው ሲሰበሰብ። ቀጥለው የኋለኛውን ሰው አዩት። «በዚህ ጆሮህ ጉድ አደረግከን፤ በዚሁ ጆሮህ አዳንከን። አሁን ልርገምህ ወይስ ልመርቅህ?»

ሰውዬው የጀርባውን ሸክም አስተካክሎ ተነሳ።

ስም ነበረው፤ ግን የሙያ ጓደኞቹ ጆሮ ከማለት ሌላ ጠርተውት አያውቁም። ድምፅ ቀጂ ነው። ያስተማረው ሰው የለም፤ በወጣትነቱ ሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀምጦ የተበላሸውን ሲፈታ፣ የፈታውን ሲገጥም ለመደው። ከዚያ የዕድሜው ግማሽ ከሩቅ አገር ለሚመጡ ፊልም ሠሪዎች ዕቃ ሲሸከም አለቀ። ይመጣሉ፤ አንበሳውን ዝሆኑን ይቀርጻሉ፤ ታሪኩን በራሳቸው አንደበት አውርተው ይሄዳሉ። ለጆሮ የሚተርፈው በፊልሙ መጨረሻ ላይ እየበረረ የሚያልፍ «ረዳት» የሚል ቃል ነበር፤ እሱም ካልተረሳ።

በኋላ «የአገሩን አውሬ ታሪክ የአገሩ ልጅ ይንገረው» የሚል ማኅበር ተቋቋመ። ካሜራ አዋሰ፤ አሠለጠነ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አመነ። መጀመሪያ ከተመረጡት አንዷ ይህች ባለካሜራ ነበረች። ድምፁን ለጆሮ ሰጠች። መንገዱን ዕድሜያቸውን በጫካ ጥበቃ ለፈጁት ለእናቷ ወንድም ሰጠች፤ ሰው ሁሉ አጎት ነው የሚላቸው።

አንዲት ነብር ግልገሎቿን ስታሳድግ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠሩ። ቦታው እንዳይታወቅ ባለካሜራዋ ተጠነቀቀች፤ ተራራው ከምስሉ አልገባም፤ ለብቻው የሚለይ ዛፍም አልገባም። አጎት እያንዳንዱን ምስል ዓይናቸውን አጥብበው መረመሩ። ድምፁን የመረመረ ግን አልነበረም። ከነብሯ ዋሻ አጠገብ ወገቡ የተበሳ ቋጥኝ አለ። አመሻሽ ላይ ነፋስ ይገባበትና ያፏጫል፤ ቀጥኖ ይጀምራል፣ እየወፈረ ይሄዳል፣ መጨረሻው ላይ ሸክም እንዳወረደ ሰው እፎይ ይላል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሌላ ነፋስ ብናስገባበት አይሻልም?» ብላው ነበር ፊልሙ ሲቀናበር።

«ሌላ ነፋስ ውሸት ነው» አላት። ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ነው፤ ውሸት አይወድም። እሷም ታላቅነቱን አክብራ ተወችው። ሀቁን ለመናገር ግን ያን ቀን የወደደው እውነትን ሳይሆን የገዛ እጁን ሥራ ነበር።

ፊልሙ ታየ። ሰው ሁሉ ምስሉን አደነቀ፤ ስለ ድምፁ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ጆሮ ቅር ብሎት ቤቱ ገባ። ሰንበት ብሎ አጎት ደወሉ። ውሻና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች «ወደሚያፏጨው ድንጋይ በየት በኩል ይወጣል?» እያሉ እንደሚጠይቁ አንድ ማር ቆራጭ ነግሯቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰውዬው ስልኩን እንደያዘ ከወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

የጥበቃ ጣቢያው ከተራራው ማዶ ነው፤ መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል። የቀራቸው ዘዴ ነብሯ ራሷ ቤቷን እንድትለቅ ማድረግ ብቻ ነበር። ጆሮ ከዓመታት በፊት በሌላ ጫካ የቀዳው የወንድ ነብር ድምፅ አለው፤ መጋዝ ደረቅ እንጨት ሲገዘግዝ ይመስላል። ግልገል ያላት እናት ባዕድ ወንድ መምጣቱን ከሰማች ልጆቿን አንጠልጥላ ትሸሻለች። ለዚህ ነው ጆሮ ድምፅ ማጉያውን በጀርባው ያዘለው።

ከሸሸች ግን አያገኟትም፤ ማኅበሩ የሚጠብቀው ረጅሙ ፊልምም አይኖርም። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ ሌሎች የአገር ልጆች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ በሩ ለእነዚያም ይጠባል። ባለካሜራዋ ይህን ታውቃለች። በመንገዱ ሁሉ አንድ ጊዜም አላነሳችበትም፤ እሱን የከበደውም ይኸው ነበር።

ደራሹ ማለፊያቸውን ስለቆረጠው በላይኛው ጥሻ ዞሩ። እሾሁ ልብስ ይቀድዳል፤ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ማይኩን እንደ ዘንግ ወደፊት ቀስሮ ይሄዳል። ከሣሩ ውስጥ ወፎች ተንጫጩ። ከዚያ ረዥም፣ እርጥብ ትንፋሽ ተሰማው።

«ጎሽ» አለ በሹክሹክታ።

«የት?»

«ቅርብ።»

«ቅርብ አቅጣጫ አይደለም፣ ወንድሜ» አሉ አጎት፤ ያን ጊዜ ሣሩ ተሰነጠቀ።

ጥቁሩ ኮርማ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መጣ። ባለካሜራዋ በደረቷ ግንድ ላይ ተለጠፈች። ጆሮ ከነሸክሙ ዛፍ ላይ እንዴት እንደወጣ ራሱም አያውቅም። አጎት የያዙት ቅርንጫፍ ተገነጠለ፤ ወደቁ፣ ተንከባለሉ፣ ቀንዱ ከወደቁበት አፈር ላይ ሲተከል እሳቸው ከሁለት ቋጥኞች መካከል ገብተው ነበር። ኮርማው ድንጋዩን እያሸተተ፣ እያጓራ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጠበቃቸው። ሲሄድ የአጎት ቁርጭምጭሚት እንደ ቅል አብጧል።

«እኔ እዚሁ ነኝ። ሂዱ።»

«አጎቴ፣ እርስዎን ጥዬ?»

«ጎሽ ያልጨረሰኝን ማን ይጨርሰኛል? የሽማግሌ ሥጋ ጅብም አይቸኩልበት።» ከዚያ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም። ይዘናል። ውሃውን ተዪልኝና ሂጂ።»

ዋሻው ካለበት ተረተር ሥር ያለችው ምንጭ በዚያ ዙሪያ ብቸኛዋ የሚጠጣ ውሃ ናት። ሁለቱ ሲደርሱ ሰው ሰፍሮባታል። ውሾች ተነሱባቸው፤ አንድ ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ሰው በአንድ ቃል መለሳቸው። ጠመንጃዎቹ ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል።

«ጠጡ፤ ውሃ የፈጣሪ ነው» አለ ባለኮፍያው፣ እንደ ቤቱ ጌታ። ካሜራውን ሲያይ ፊቱ ፈካ። «እናንተ ናችኋ! ፊልሙን ሻይ ቤት ተቀምጠን አየነው። ይኼኛው ልጅ ያደገው እዚህ ነው። ድንጋዩ ሲያፏጭ ብርጭቆውን ጥሎ ተነሳ፤ ‹ሰፈሬ ነው› አለ፤ መውጫውን ግን ከረሳው ቆይቷል። ማነው ድምፁን የቀዳው?»

የባለኮፍያው ዓይን ከጆሮ አንገት ላይ በተንጠለጠለው ማዳመጫ አረፈ።

«አንተ ነህ? እጅህ ይባረክ። ሁለተኛ ሲደገም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሰማሁት። የግልገሎቹ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል እኮ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰምቼ አላውቅም።»

ጆሮ ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ ኖሯል። ፊልም አዋቂዎቹ አላሉትም፤ ማኅበሩም፣ ሚስቱም አላሉትም። አሁን መጣ፤ ከዚህ አፍ መጣ።

«እንስማማ» አለ ባለኮፍያው። «ነገ ጎህ ሲቀድ እንወጣለን። መጀመሪያ እናንተ ቅረጿት፤ ከዚያ የእኔ ተራ ነው። ምስሏ ለእናንተ፣ ቆዳዋ ለእኔ። ማን ተጎዳ?»

«እሷ» አለች ባለካሜራዋ።

ሰውዬው ሳቀ። «እሷን ማን ጠየቃት?»

የታመመ ሰው አለብን ብለው ተሰናበቱ። ከዓይን እንደራቁ ገደላማው ሸጥ ውስጥ ወረዱና በዝንጀሮ መንገድ ሽቅብ ተንጠላጠሉ። ድንጋዩ ከእግራቸው ሥር እየከዳ ይወርዳል፤ ጥፍራቸው ደማ፤ ማጉያው የጆሮን ጀርባ ላጠው። አናቱ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ልትገባ ነው፤ ነፋሱም ተነሳ። ድንጋዩ ማፏጨት ጀመረ።

ጆሮ በእጅ ልማድ ማይኩን ከቋጥኙ ሥር ተከለ፤ መቅጃውን ከፍቶ በቅጠል ሸፈነው። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ዱር ገብቶ ጮኸ። ማጉያውን ከፈተው፤ መጋዙ ሸለቆውን ገዘገዘው።

ነብሯ ከዋሻው አፍ ብቅ አለች። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኝተዋል። ድምፁ ወደሚመጣበት ተመለከተች፤ ጆሮ ዓይኖቿን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ተመለሰችና አንዱን ግልገል በአፏ አንጠልጥላ ከተረተሩ ማዶ ጠፋች። ባለካሜራዋ በክንዷ ቋጥኝ ተደግፋ ፊቷን ብቻ፣ ግልገሉን ብቻ ቀረጸች። ነብሯ መጣች፤ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛው ከውስጥ ያለቅሳል።

ያን ጊዜ ከታች ውሾች ጮኹ። አዳኞቹ መጋዙን ሰምተው ጎህ አልጠበቁም።

«ጋሼ፣ አሁን ከደረሱ አትመለስም።»

«እኛም እዚህ እያለን አትመለስም።» ማጉያውን አዘለ። «አንቺ በመጣንበት ወደ አጎትሽ ውረጂ። አሁን የሚያሳድዱት የሰሙትን ወንድ ነብር ነው፤ ይከተሉት።»

«ውሾቹ እኮ ይበጫጭቁሃል።»

«ጥፋቱን ያመጣው ድምፅ ነው፤ ድምፅ ይውሰደው። ሂጂ፣ እህቴ።»

በማዶኛው ሸለቆ ቁልቁል ሮጠ። መጋዙ በጀርባው ላይ እየገዘገዘ፣ እሾህ ፊቱን እየጫረ፣ ከንፈሩ ጸሎት እያሰማ ሮጠ። ከኋላው የውሾቹ ጩኸት ከዋሻው አቅጣጫ ዞረ፤ መዞሩን ሰማ። ሌላ ሰው ደስ ይለው ነበር፤ እሱ ግን ከጩኸቱ ሥር የግልገሉን ለቅሶ ፈለገ። ርቋል። ውሾቹ ከአንድ ጠባብ ጥግ ላይ ደረሱበት፤ አንዱ ባቱን ነከሰው፣ ተንከባለለ፣ ማጉያው ድንጋይ ላይ ተሰብሮ ጸጥ አለ።

ባለኮፍያው እያለከለከ ደረሰ። ውሾቹን አስለቀቀና ከቆመበት ቁልቁል አየው።

«መጋዙ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«እጅህ ይባረክ ያልኩት እኔ ነኝ አይደል?» ስባሪውን በእግሩ ገፋው። «ጆሮዬን አምኜ ይህን ሁሉ ገደል ወረድኩ።»

«እኔም አንድ ጊዜ አምኜው ነበር» አለ ጆሮ።

ሰውዬው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ። «ሂድ። ያንተ ቆዳ ገዢ የለውም።»

በማግስቱ ጠዋት ባለካሜራዋና ጆሮ አጎትን ደግፈው ወደ ዋሻው ሲወጡ አዳኞቹ ከተረተሩ ሲወርዱ ከሩቅ አዩአቸው። ቆዳ አልያዙም። ግን ከአንዱ ትከሻ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሊታይ አልቻለም። ዋሻው ባዶ ነበር። ጆሮ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። መቅጃውን ከቅጠሉ ሥር አወጣ፤ ባትሪው አልቋል።

ከተማ ተመልሰው፣ መስኮት በሌላት የማቀናበሪያ ክፍል ውስጥ ከፈተው። ፉጨቱ አለ። የመጋዙ መራቅ አለ፤ የውሾቹ መራቅ አለ። ግልገሉ ያለቅሳል፤ ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ለስላሳ መዳፍ ጠጠር ሲነካ፤ በአፍንጫ የሚወጣ አጭር፣ እርግብግብ ያለ ትንፋሽ፤ እናት ለልጇ ብቻ የምታሰማው። ለቅሶው ቆመ። ድንጋዩ እፎይ አለ።

ባለካሜራዋንና አጎትን ጠርቶ አሰማቸው። አጎት ፊታቸውን በመሀረባቸው ሸፈኑ።

«ጋሼ፣ ይህ ካለን ፊልሙ ሙሉ ነው» አለች ባለካሜራዋ ቀስ ብላ። «ፉጨቱን ማውጣት ይቻላል?»

ሞክሮ ነበር። «ፉጨቱ ሲወጣ እሷም አብራው ትወጣለች።»

«እንግዲያው ለራስህ አስቀምጠው። ለማንም አታሰማ።»

«ያለ ነገር አንድ ቀን ይሰማል» አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብቻውን ሰማው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህች ትንፋሽ አይደርስም። ከዚያ ሰረዘው፤ የፊተኛውን ፊልም የድምፅ ቅጂም ሰረዘ።

ፊልሙ በማኅበሩ አዳራሽ ታየ። የነብሯ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ፣ ግልገሏን በአፏ ይዛ ስታልፍ አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ከምስሉ ጋር አንዳች ድምፅ አልነበረም፤ ነፋስ እንኳ። ከኋላ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ተቀምጠው ያያሉ። ሰብሳቢዋ በጎ ሰው ነበሩ፤ ሲናገሩም ተጨንቀው ነው። በሩ ለሚቀጥሉት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ይህ ቡድን ግን ቃል የገባውን ርዝመት ስላላመጣ ለጊዜው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ይቆይ፣ አሉ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አሉ ወረቀታቸውን እያጠፉ። «መጨረሻው ላይ፣ ዋናው ቦታ ላይ፣ ድምፅ የለም። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?»

ባለካሜራዋ ልትመልስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮ ቀድሟት ከመቀመጫው ተነሳ፤ የተነከሰ እግሩን ቀጥ አደረገ።

«መሣሪያው ደህና ነበር» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»