ሁለት ቀይ መስመር በአንድ ዳዶ ላይ

ሉሊት የገዛ መኪናዋ ጎማ ቀድሟት ሲሄድ አየች።

ከባቱ ወጥታ ቡልቡላ ልትገባ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት። የነጯ ዶልፊን መሪ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ «ዳር ይዤ ልየው» ብላ ፍጥነት ቀንሳለች። ያኔ ነው የፊት ግራ ጎማው ወልቆ ብቻውን አስፋልቱን ይዞ የገሰገሰው።

ዶልፊኗ በአፍንጫዋ ተደፋች። አንዴ ተገለበጠች። ደግማ ተገለበጠችና ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኛች።

ከኋላ የተጫነው ዕቃ ሁሉ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተወረወረ። አንድ የመስኖ ፓምፕ፣ የቧንቧ መፍቻዎች፣ ሰንሰለት፣ የሰው ክንድ የሚያህሉ የዳዶ መፍቻ ቁልፎች። ከወንበሩ ጀርባ ግን ሉሊት በገዛ እጇ በይዳ የገጠመችው ፍርግርግ ብረት ነበር። አዳማ ያሉ የሙያ ጓደኞቿ «እስር ቤት ጭነሽ ነው እንዴ የምትዞሪው?» እያሉ ሲስቁበት ኖረዋል። ፓምፑ መታው። ፍርግርጉ ጎበጠ እንጂ አልተነቀለም።

ሉሊት ቀበቶዋ ላይ ተንጠልጥላ ዞር ብላ አየችው።

«ጎሽ የኔ እጅ!» አለች ጮክ ብላ።

ሌላ ሰው ቢሆን ፈጣሪውን ይጠራ ነበር። እሷ እሱን የጠራችው ኋላ ነው፣ ክንዷ መሰበሩን ስታውቅ።

መጀመሪያ የደረሱት ኦቦ ጫምሳ ናቸው፣ የቡልቡላ የመስኖ ማኅበር ሊቀመንበር። ማኅበሩ ለአራት ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ እሷን ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው በተሰበረው መስኮት አንገታቸውን አስገቡ።

«ሉሊት! አካም ጅርታ? አለሽ?»

«አለሁ ኦቦ። ፓምፑስ?»

«ወይ ረቢ! ፓምፑን ተይና ውጪ!»

ጎትተው አወጧት። ወሬው ደግሞ እዚያው ቦይ ውስጥ ደረሳት። የወለቀው ጎማ ገርባ የሚባል ባለጋሪ መትቶ እግሩን ሰብሮታል።

ሳጅን ሙሉአለም፣ የትራፊክ አደጋ መርማሪው፣ ከሰዓት በኋላ ባቱ ሆስፒታል መጣ። ክንዷ በጀሶ ተጠቅልሏል።

«ጎማው ለምን ወለቀ?»

«አላውቅም።»

«መጨረሻ ያጠበቅሽው መቼ ነው?»

«አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ግን በየጠዋቱ አየዋለሁ።»

«ምኑን ታዪዋለሽ?»

«ምልክቱን። የጎማ ዳዶ ባጠበቅሁ ቁጥር ከዳዶው ላይ ጀምሬ እስከ ቸርኬው ብረት ድረስ ቀይ መስመር አሰምርበታለሁ። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይጣመማል። ማየት ብቻ ነው።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ከአዳማ አሥራ ሁለት ሰዓት ስወጣ በስልኬ መብራት አየሁ። ስድስቱም ቀጥ ያሉ ነበሩ።»

ሳጅኑ ደብተሩን አጠፈ።

«እህቴ፣ የጠበቀ ዳዶ ራሱን አይፈታም። እኔ የምጽፈው መንገድ ላይ ያየሁትን ነው። ጎማ ሳታጠብቅ ወጣች፤ በቸልተኝነት የሰው እግር ሰበረች። መንጃ ፈቃድሽ እኔ ጋ ይቆያል። ቀሪው የዓቃቤ ሕግ ነው።»

ቸልተኛ! ቃሉ ከክንዷ በላይ አመማት። ሉሊት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሞጆ እስከ አርሲ ነገሌ ፓምፕ ስትጠግን የኖረችው በስሟ ነው። ሴት ናት ብሎ የተጠራጠረ ገበሬ ሁሉ ሥራዋን አይቶ ራሱ ደውሎ ይጠራት ነበር። አሁን ዳዶ ማጥበቅ ያቃታትን ሰው ማን ደፍሮ ፓምፑን ያስነካታል? መታሰሩም አለ፤ እሷ ግን ያሰበችው ስሟን ነው።

«ሳጅን፣ እኔ ያጠበቅሁት ዳዶ አይላላም። ሰው ነው የፈታው።»

«ማን?»

የፓምፑን ነገር ነገረችው። የቡልቡላ ማኅበር አዲስ ፓምፕ ገዝቶ ነበር። ኢስሃቅ የሚባል የባቱ ጠጋኝ ገጠመው። ሳምንት ሳይሞላው ቆመ። ሉሊት አዳማ ወስዳ ስትከፍተው፣ አዲስ የተባለው ፓምፕ ያለቀለት አሮጌ ሆኖ ተገኘ፤ ከላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ይህንኑ ስብሰባው ላይ ልታሳይ ነበር አመጣጧ።

«የአደጋው ዋዜማ ወደ ማምሻው ኢስሃቅ መኪናዬ ያደረችበት ግቢ ድረስ መጥቶ፣ ስሜን ብታነሺ አንድ ቀን ትገለበጪያለሽ ብሎኝ ሄዷል።»

«ማን ሰማ?»

«ጋሽ አስፋው። ግቢው የእሳቸው ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

በሦስተኛው ቀን ኢስሃቅ ተይዞ ባቱ ፖሊስ ጣቢያ ቀረበ። ዶልፊኗም ከነጭነቷ ተጎትታ እዚያው ግቢ ቆማለች። ሉሊት ክንዷን አንገቷ ላይ አስራ መጣች። ኦቦ ጫምሳ የዓይን ምስክር ተብለው ተጠርተዋል።

«ትገለበጪያለሽ ብለሃል?» አለ ሳጅኑ።

«ብያለሁ» አለ ኢስሃቅ። «ተናድጄ ነዋ! አጭበርባሪ ስትለኝ ምን ልበላት? ልስማት?»

«ማታውን ጎማ ፈታህ።»

«ኧረ በአላህ! እኔ ማታውን ባቱ ነኝ። ደግሞ ጎማዋን ማን ይነካል? በሊፒስቲክ አስጊጣው የለ እንዴ!»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዳዶ ላይ ቀይ ቀይ ትቀባለች። ሴት ናት፣ ታስጊጥ ብለን ተውናት።»

ሉሊት ቀና አለች። ሊያናድዳት ይገባ ነበር፤ አላናደዳትም። ይህ ሰውዬ ምልክቱ ለምን እንደሚሰመር ጨርሶ አያውቅም!

ኦቦ ጫምሳ ከኮታቸው ኪስ ሁለት ዳዶ አወጡ።

«እንዲያው ሊፒስቲክ ስትሉ ትዝ አለኝ። እነዚህን ያን ዕለት አስፋልቱ ላይ አግኝቼ ነው። ደህና ዳዶ ወድቆ አይቀርም ብዬ አነሳሁት።»

«አባቴ፣ ይሄንን እኮ ያኔውኑ መስጠት ነበረብዎት!» አለ ሳጅኑ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሉሊት አንዱን ተቀብላ በጣቷ አገላበጠችው። ጥቁር ግሪስ ተለጥፎበታል።

«ሳጅን፣ የጎማ ዳዶ ግሪስ አይቀባም። እኔ ቀብቼ አላውቅም። ቤንዚንና ጨርቅ ይገኛል?»

ቤንዚን በጠርሙስ ክዳን መጣ። ጨርቁን ነክራ ቀስ ብላ ጠረገችው። ግሪሱ ሲለቅ ከስሩ አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ከጎኑ ሌላ ቀይ መስመር አለ። እሱን ስታሸው እየቀለጠ ጨርቁ ላይ ቀረ። የመጀመሪያው ግን አልተነካም። ሁለተኛውንም ዳዶ ጠረገችው። ያውና ያው ሆነ።

«ያልለቀቀው የኔ ነው» አለች። ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። የጥፍር ቀለም ነው። ጥፍሮቿ ግን እንደ ማንኛውም መካኒክ ጥቁር ናቸው። «ድሮ በዘይት ቀለም ነበር የማሰምረው። ቤንዚን ሲነካው እየለቀቀ ሲያስቸግረኝ ከአራት ወር በፊት ቀየርኩት። ይሄን ቤንዚን አያስለቅቀውም።»

«እና የለቀቀው የማን ነው?»

«የፈታው ሰው። ዳዶዎቹን አላልቶ ከተዋቸው ጠዋት መስመሩ ተጣሞ አየዋለሁ፤ መኪናዋን አላስነሳም። ስለዚህ የኔን መስመር በግሪስ ሸፍኖ ቀጥ ያለ አዲስ መስመር አሰመረልኝ። ኢስሃቅ ቢሆን ፈቶ ይሄድ ነበር። ይሄ ሰው ምን እንደማይ ያውቃል።»

ኢስሃቅ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። «ሊፒስቲክ ስላልኩሽ ይቅርታ» አለ።

ሉሊት አልሰማችውም። ወደ ዶልፊኗ ሄዳ የጨርቁን ንጹሕ ጫፍ ቤንዚን ነክራ የፓምፑን ሆድ አሸችው። ቀዩ ለቀቀ። ከስሩ አሮጌ አረንጓዴ ብቅ አለ። ጨርቁ ላይ ሁለቱ ቀይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ ቀለም ናቸው።

«ኢስሃቅ፣ ይሄን ፓምፕ ከየት ነው የተረከብከው?»

«ከጋሽ አስፋው ግቢ ነዋ። አንቺ ያን ሰሞን አርሲ ነገሌ ሥራ ላይ ነበርሽ።»

«እውነቱን ነው» አሉ ኦቦ ጫምሳ። «ከነካርቶኑ ለእሳቸው ሰጠናቸው፣ ፈትሸው እንዲያስረክቡን። የታመኑ ሰው ናቸው።»

ሉሊት የዶልፊኗ የተጋጨ በር ላይ ተደገፈች። ያን ዕለት ወደ ማምሻው ለጋሽ አስፋው የነገረቻቸው ትዝ አላት። «ጋሼ፣ አንድ ሌባ ለገበሬ አሮጌ ቀብቶ ሰጥቷል፤ ነገ አጋልጠዋለሁ» ብላቸው ነበር። ሰውዬው አንድም ቃል አልመለሱም። ደክሟቸው መስሏት ነበር።

«ምልክቱን የሚያውቅ ማን ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ያስተማረኝ ነዋ» አለች፤ እንባዋም መጣ።

በማግስቱ ሳጅኑና ሉሊት ከአዳማ ፖሊሶች ጋር ሆነው ወደ ጋሽ አስፋው ግቢ ገቡ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አሮጌ ሞተር ይፈታሉ። ጀሶውን ሲያዩ ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄ፣ ክንድሽ...»

ሳጅኑ ዳዶውን ዘረጋላቸው። «ያውቁታል?»

ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«ይሄኛው አልለቅ ብሎኝ ነው በግሪስ የሸፈንኩት። ምንድን ነው?»

«የጥፍር ቀለም ነው ጋሼ» አለች ሉሊት።

«ቤንዚን አያስለቅቀውም?»

«አያስለቅቀውም።»

«ጥሩ ነው» አሉ። በእርግጥም አድንቀው ነው ያሉት። «እኔ ይሄ አልታየኝም።»

ከዚያ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

«ያለ ውሃ አስነሳሁት።»

ሉሊት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እዚህ ግቢ ሥራ በጀመረች ቀን የመጀመሪያ ትምህርቷ ይኸው ነበር፤ ፓምፕ ውሃ ሳይሞላ አይነሳም።

«አዲሱን ለመፈተሽ አውጥቼ ሰው ጠራኝ። ተመልሼ አስነሳሁት። ውሃ መሙላቴን ረስቻለሁ። ሲጨስ ነው የነቃሁት። አርባ ዓመት ሠርቼ አስፋው የገበሬ አዲስ ፓምፕ አቃጠለ ይባል? አሮጌውን ቀባሁት። ለዛሬ ቢያልፍልኝ ብዬ ነው። አንቺ ከፈትሽው።»

«እና ሊገድሉኝ?»

«ኧረ በእመቤቴ! ገና ሞጆ ሳትደርሺ መሪው ይነግርሻል፣ ትቆሚያለሽ፣ ስብሰባው ያልፋል ብዬ ነው። እስከዚያ ድረስ መላ አገኛለሁ ብዬ።»

«ገርባ የሚባል ሰው እግሩ ተሰብሯል ጋሼ። ጋሪ ነጂ ነው፤ በእግሩ ነው የሚኖረው። እኔም ቸልተኛ ተብዬ ልታሰር ነበር። የእርስዎ ስም እንዳይነሳ የኔን ሰጡ።»

ጋሽ አስፋው አንገታቸውን ደፉ።

«ቢነግሩኝ እኮ አብረን እንጠግነው ነበር» አለች። «ማንም ሳያውቅ።»

ሽማግሌው ተነሱ። የሥራ ካፖርታቸውን አውልቀው በሥርዓት አጥፈው በርጩማው ላይ አኖሩትና ከፖሊሶቹ ጋር ወጡ።

ከሁለት ወር በኋላ ቡልቡላ አዲስ ፓምፕ መጣ፤ የጋሽ አስፋው ልጆች የተኩት ነው። ገበሬው ሁሉ ቦዩ ዳር ቆሟል። ገርባም በክራንች መጥቷል። ሳጅን ሙሉአለም መንጃ ፈቃዷን ይዞ ራሱ መጣ፣ በሰው እጅ አልላከውም። ሰው ፊት ዘርግቶ ሰጣት።

«ቸልተኛ ብዬሽ ነበር። ሰርዤዋለሁ።»

«በቀይ ነው የሰረዝከው?» አለች፤ ሰው ሳቀ።

ክንዷ ገና ስላልጠና የፓምፑን ዳዶዎች የሚያጠብቀው ኢስሃቅ ነው። ጨርሶ ቀና ሲል የጥፍር ቀለሙን ወረወረችለት።

«እኔ?» አለ።

«አንተ። ቀጥ አድርገህ። ሊፒስቲክ አይደለም።»

ምላሱን ነክሶ አሰመረ። እሷ ጀሪካኑን አንስታ ፓምፑን እስኪገነፍል ድረስ ውሃ ሞላችው። ክዳኑን ዘጋች። ኦቦ ጫምሳ ሁሉንም በትኩረት ሲያዩ ቆይተው፣

«ሉሊቴ፣ ይሄን ሁሉ ጥንቃቄ ማን ነው ያስተማረሽ?» አሏት።

ከአፋቸው ካመለጣቸው በኋላ ደነገጡ። ኢስሃቅ ወደ መሬት አየ።

ሉሊት ግን አላቀረቀረችም።

«ጋሽ አስፋው ናቸው» አለች፤ ከኋላ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አዳማ፣ እሳቸው ግቢ። ያስተማሩኝ ሁሉ ልክ ነው።»

ከዚያ በደህናው እጇ የማስነሻ ገመዱን ሳበችው፤ ፓምፑም በአንድ ጊዜ ተነሳ።