ከጉድጓዱ የተነሳው መሰላል

ኢንስፔክተር እስከዳር ከሰቆጣ ተነስታ አበርገሌ ካለው የድልድይ ሥራ ቦታ ስትደርስ እሁድ ረፋድ ነበር፤ መጋቢት 1996 ዓ.ም.። የጉድጓድ ቆፋሪው የካሤ አስከሬን በድንኳኑ ጥላ ሥር ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። እጆቹን ገለጠች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ውስጣቸው ቀይ አፈር ሞልቷል። ሌላ ቁስል አላገኘችም።

«ሙቀቱ ነው የገደለው» አለ የሥራው አለቃ የሻምበል፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ከደሃና ወረዳ የመጣ ደገኛ ነው፤ ይህን ፀሐይ አልለመደም። ትናንት ቀትር ላይ ጀሪካን ውሃ በገመድ አወረድኩለት። ጾመኛ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጠጣም ብሎ መለሰው። እኔም ማዶ ተሻግሬ ምሰሶውን ብቻዬን ስለስን ዋልኩ።»

«ለምን አልወጣም?»

«መሰላሉ እንደቆመለት ነው። ሥራ ይወድ ነበር፤ ምን ላድርግ?»

ቅዳሜ ሠራተኛው ሁሉ በጧት ወደ ገበያ ሄዷል። ካሤ ጉድጓድ ውስጥ ሲቆፍር ከላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አለቃው፣ ሽማግሌው ዘበኛ ገብረ አምላክና ወጥ ቤቷ አመተ ማርያም።

እንዳለው የሚባለው የሟቹ ወንድም ጠጋ አለ። «ተራው የእኔ ነበር። እናታችንን ልጠይቅ ስሄድ ተካኝ። ነገ ደግሞ እዚያው ጉድጓድ የምወርደው እኔ ነኝ።»

«ብትተወውስ?»

«መሬታችን ሁለት ዓመት አላበቀለም። የት እሄዳለሁ? ይልቅ ዘበኛውን ያዙልኝ፤ ዓርብ ዕለት ተጣልተዋል።»

ገብረ አምላክ ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ ተቀምጧል። «አያ ገብረ አምላክ፣ በምን ተጣላችሁ?»

«በጥላ። ድንኳኑ ውስጥ ሠራተኛ እንዳይቀመጥ ታዝዣለሁ። እሱ ገባ፤ አስወጣሁት።» ድምፁ ወረደ። «ትናንት መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ጉድጓዱ ከዚያ አይታይም።»

አመተ ማርያም ድስት እየፈገፈገች መለሰች። «ካሤማ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴንም አያይም። ቅዳሜና እሁድ ግን ከድስቴ አይርቅም ነበር። ትናንት ሽሮዬን ጠርጎ ነው የወረደው። ጨው በዛ ብሎም ሰደበኝ።» ሳቅ ጀምራ ተወችው።

እስከዳር ጉድጓዱን ዞረች። ሰባት ሜትር ይሆናል፤ ሁሉም ቀይ አፈር ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ሦስት የእግር ማስገቢያዎች ተቧጥጠዋል፤ ሦስተኛው ተንዷል። በሥፍራው ያለው መሰላል አንድ ብቻ ነው። የታችኛው እርከኑ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አራቱንም ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። ከላይ የቆመው ፖሊስ መሰላሉን ሳበው።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ የሻምበል።

«አዝዤው ነው።»

ጥላ የለም። ግድግዳው ሙቀቱን ፊታቸው ላይ ይተፋል። አመተ ማርያም ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«መሰላል ያለው ሰው ግድግዳ በጥፍሩ አይቧጥጥም» አለች እስከዳር። «ስለዚህ ትናንት መሰላሉ እዚህ አልነበረም። የት ሄደ? እዚህ ሲሚንቶ የለም፤ ሲሚንቶ ያለው ማዶ ነው።»

«ዘበኛው ወስዶት ይሆናል» አለ አለቃው።

«ምሰሶውን ብቻዬን ስለስን ዋልኩ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በምን ላይ ቆመው?»

የሻምበል ከንፈሩን ላሰ። «ውሃ ግን አቅርቤለታለሁ። ጾም ነው ብሎ...»

«ትናንት ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ውሃ አይከለከልም። አመተ ማርያም ቁርሱን አብልታዋለች። ካሤ አምስት ቀን ሙሉ ውሃ ሲመልስ አዩ፤ ስድስተኛውንም እንደዚያው አድርገው ነገሩኝ። ውሃ አላወረዱለትም። ከሞተ በኋላ መሰላሉን መልሰው አቆሙት።»

እንዳለው ወደ አለቃው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ገብረ አምላክ ክንዱን ያዘው።

«መሰላሉን ያውርዱልኝ» አለ የሻምበል። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። «ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ገና ሩብ ሰዓታችን ነው። ሲጣራ ሰምተውታል?»

የሻምበል ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀና አለ። «ሰምቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ልስኑ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ቸኩዬ ነበር። ትንሽ ይታገስ ብዬ ነው።»

እስከዳር እጇን አነሳች። መሰላሉ ወረደ። አለቃውን ፖሊሱ ከላይ ተቀበለው፤ ሌሎቹ ተከተሉ።

እንዳለው መጨረሻ ወጣ። ከአርማታ ብረቱ ክምር አጠገብ ሽቦ አነሳና የመሰላሉን ጫፍ በጉድጓዱ አፍ ላይ ከተጋደመው ግንድ ጋር ጠመጠመው። አምስት ጊዜ አዞረው። ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ ሳበው፤ አልነቃነቅ አለ።