የተራራው መውጫ

በሐመልማሎ መንግሥት፣ ንጉሥ ዘራምባ ልደታቸውን ባከበሩ ማግስት፣ የአንጓት ተራራ ከስፍራው ጠፋ። ሌባ ወሰደው እንዳይባል፣ ተራራ በምን ጆንያ ይጫናል? ምንጮቹ ደረቁ፤ የግርጌው መንደርተኞች ባዶ እንስራ ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ጎረፉ።

ነገሩ የገባው ወጣቱ ሠዓሊ አውራሪስ ብቻ ነበር። በዚያ አገር ተራራ የሚሥል ሁሉ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቦታ ቀለም ሳያስነካ ይተዋል፤ «የተራራው መውጫ» ይሏታል። ሥዕሉ እውነተኛውን ተራራ ካማለለው፣ ገብቶ አይቶ የሚመለስባት በር ናት። አውራሪስ ግን ለንጉሡ ልደት በሣለው የአንጓት ሥዕል ላይ ያቺ ነጭ ቦታ ጉድለት መስላ ታየችውና በሚያምር ሰማያዊ ደፈናት፤ አንጓትም ሥዕሉ ውስጥ ገብቶ መውጫ አጣ። ሙያ በልብ ነው ቢባልም፣ የእሱ ሙያ አፍ አውጥቶ ነበር።

በንጉሡ ፊት ተንበርክኮ ጥፋቱን ተናዘዘ። «አንጓትን ወደ ቦታው ሳልመልስ ብሩሽ ብይዝ፣ እስከ ዛሬ የሣልኩት ሁሉ ይርገመኝ» ሲል ማለ። ሥዕሉን ጠቅልሎ በጀርባው ተሸከመ። ቀለም የምትፈጭለት እትዬ ሽታዬም፣ ሰማያዊውን የፈጨሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የጋራ ነው ብላ ስንቋን አንግታ ተከተለችው። ሰባት ቀን ተጓዙ። መንገድ የሚያሳስቱ ተናጋሪ ድንጋዮች ሲገጥሟቸው እሷ በስድብ አፋቸውን ታስዘጋ ነበር።

ተራራው በነበረበት ጉድጓድ አፍ ላይ የጉም አንበሳ ተኝቶ ጠበቃቸው። ሲተነፍስ ሸለቆው ሁሉ ይሸፈናል። ሥዕሉን አሽትቶ ሲያበቃ ለአውራሪስ እንዲህ አለው፦

«በእጅህ ጥበብ የዘጋኸው በር የሚከፈተው በዚያው ጥበብ ዋጋ ነው። የቀኝ እጅህን ጥበብ ለእኔ ተውና ቀለሙን በአውራ ጣትህ ጥረገው።»

አውራሪስ አለቀሰ። ያቺ እጅ የዕድሜው ሁሉ ኩራት ነበረች። ነገር ግን ባዶ እንስራ የያዙት ሰዎች ትዝ አሉት።

«እንካ፣ ያንተ ትሁን» አለና ጣቱን ሰማያዊው ላይ አሳረፈ።

የደረቀው ቀለም እንደ ቅቤ ቀለጠ። አንጓት ዛፎቹንና ዝንጀሮዎቹን ሳይቀር ይዞ እየተንገጫገጨ ወጣና ስፍራው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ሥዕሉ ባዶ ሸራ ሆኖ ቀረ። ምንጮቹ ሲንፎለፎሉ እትዬ ሽታዬ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያ ወዲህ አውራሪስ በግራ እጁ ይሥላል። ተራሮቹ ጠላ እንደበዛበት ሰው ያጋድላሉ፤ ንጉሡም እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ ከዙፋናቸው በላይ ያሰቅሏቸዋል። አንድ ቀን እትዬ ሽታዬ በአዲሱ ሥዕል ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህለውን ነጭ ቦታ አየች።

«ይህን ጎባጣ ሥዕል አንጓት ቢያየው እኔ ነኝ ብሎ አይገባበትም። መውጫው ለምን አስፈለገ?» አለችው።

አውራሪስ ብሩሹን እያጠበ ሳቀ።

«ማን ያውቃል እትዬ፤ ከወደደውስ?»