የዝምታው ቤት ኩባያ

መምህር ሰይፈሥላሴ የሞቱት በቤቱ ማንም በማይናገርበት ሳምንት ነው። ስለዚህ አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ «ምንም አልሰማንም» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ስልኩ ሲደወል ሰርካዲስ በኮሎምበስ ዳርቻ ሂሊያርድ ባለው የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቷ ተቀምጣ ተቃጠለ የተባለ ጋራዥ ፎቶግራፍ ታገላብጥ ነበር።

«ሰርኬ፣ ጋሼ ሞተ» አለቻት የመምህር እህት እናናዬ። ድምፅዋ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የምታወራ ይመስል ነበር። «ራሱን ገደለ እያሉ ነው። ቄሱ ደግሞ ነገሩ እንዲያ ከሆነ ፍትሐት የለውም አሉኝ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ነይልኝ።»

ሰርካዲስ አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ያልተቃጠለ ቤት ተቃጠለብኝ፣ ያልተሰበረ ወገቤ ተሰበረ የሚሉ ሰዎችን ትመረምራለች። ያው ውሸት ነው፤ ቋንቋው ብቻ ተለወጠ። ሬሳ አይታ ማልቀስ ካቆመች ብዙ ዘመን ሆኗታል። «ውስጤ ደንዝዟል» ትላለች ሲጠይቋት፤ በዚህም አታፍርም፣ አትኮራም። ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1997 ጥር ነው። ፎረስት ፓርክ የሚባለው ሰፈር በበረዶ ተሸፍኗል። የመምህር ቤት ከጎረቤቶቹ የሚለየው በራፉ ላይ በተደረደረው የጫማ ብዛት ብቻ ነበር። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ሥነ መለኮት ሊማሩ ደቡብ ህንድ፣ ኬራላ ተልከው ነበር። እዚያ ያሉት የህንድ ኦርቶዶክሶች በወንዝ ዳር አሽራም የሚሉት የጸሎት ገዳም ነበራቸው፤ ትምህርቱ ቢያልቅም ሰይፈሥላሴ ከዚያ ሳይወጡ ብዙ ዓመት ኖሩ። ኮሎምበስ ሲመጡ ቤታቸውን እንደዚያው አደረጉት። በሺፍት ሥራ የደከመ ሐበሻ እየመጣ አንድ ሳምንት በዝምታ ሱባኤ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ለነፍሱ፣ አንዳንዱ ለእንቅልፉ።

ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። መርማሪው ፖሊስ በእሳት አደጋ ፋይሎች ያውቃታልና ከበሩ ላይ ሆና እንድታይ ፈቀደላት። መምህር ምንጣፋቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቤቱን የሚያሞቀው ደረቅ አየር እንዳይሰነጥቀው ከንፈራቸውን ቫዝሊን ተቀብተዋል። ከጎናቸው አንድ የብረት ኩባያ አለ፤ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ቀርቷል፣ ከአፉ ላይ ደግሞ የከንፈር ቅርጽ በቫዝሊን ታትሟል።

«የልብ መድኃኒታቸው ነው» አለ ፖሊሱ። «ኩሽና የነበረው ጠርሙስ ባዶ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ገና ምንም አላልኩም፤ ራሳቸውን ገደሉ የሚሉት የራሳቸው ሰዎች ናቸው።»

«የበሉበት ሳህን የለም?»

«በክፍሉ ውስጥ ያለው ይኸው ነው።»

በሱባኤው የነበሩት ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር አረጋውያንን የምትንከባከበው የምሥራች መጣች። የመምህርን መድኃኒት የምትከታተለው እሷ ነበረች፤ እጇን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ ሰርካዲስ። ጠርሙሱን ቁልፍ በሌለው ቁም ሳጥን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ላይሰንሴን ይነጥቁኛል።»

«መድኃኒቱን ሲውጡ ታዪያቸው ነበር?»

«ሱባኤ ካልሆነ በየጠዋቱ። ደረታቸውን በውሃ አርሰው ነበር የሚጨርሱት፤ ቆሜ የምጠርገው እኔ። ‹ትን ይልዎታል፣ መምህር› ስላቸው ይስቃሉ።»

«ትናንት ማታስ?»

«ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ዓይናችንን ጨፍነን ጸሎት ላይ ነበርን። ሰው ሲወጣ ሲገባ እግር ይሰማል፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።»

ቀጥሎ ጋሽ ወርቁ መጡ። የኤርፖርት ታክሲ ነጂና የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ መምህርን በአደባባይ በመዝለፍ ከተማው ያውቃቸዋል።

«አዎ ሰድቤዋለሁ!» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «ህንድ ሄዶ ህንድ ሆኖ መጣ። መሬት ይተኛል፤ ራሳም የሚሉትን ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ቀጭን ሾርባ ይጠጣል። ውሃ እንኳ እንደ ክርስቲያን አይጠጣም እኮ፤ አበባ እንደሚያጠጣ ሰው ከላይ ያንቆረቁረዋል!»

«ታዲያ ሱባኤው ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

ጋሽ ወርቁ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «ለመነኝ። ‹አንድ ሳምንት ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ፤ ከዚያ ስደበኝ› አለኝ። እኔና እሱ ከልጅነታችን በአንድ ሳህን የበላን ነን። አሁን ማንን ልስደብ?» ሊያለቅሱ ነበር፤ ግን እንባው አልመጣም።

ሦስተኛው አንድርያስ ነው። ከስምንት ወር በፊት ከዳላስ የመጣ፣ መልከ መልካም፣ ድምፁ የሚደመጥ ጎልማሳ። መምህር ከወጡ በኋላ በዚያው የኬራላ አሽራም ሁለት ዓመት እንደኖረ ለሁሉም ተናግሯል፤ ስለዚህም መምህር ስላረጁ ቤቱንና ተማሪዎቹን በመጪው እሑድ ሊያስረክቡት ነበር። ስለ ገዳሙ ሲጠየቅ ቃሉ ማር ሆነ፤ የንጋቱን ደወል፣ በወንዙ ላይ ያለውን ጭጋግ፣ በሙዝ ቅጠል ላይ በእጅ የሚበላውን ሩዝ እያነሣ ተረከ።

«ከመምህር ጋር በልተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እሳቸው ተጋርደው ነው የሚመገቡት። ዓይን እንዳይበላቸው እናናዬ ነጠላ ትይዝላቸዋለች፤ ከነጠላው ወዲያ ማንም አያልፍም።» ፈገግ አለ። «ይህ እንኳ የኬራላ አይደለም፣ የአገራችን ነው።»

«ትናንት ማታ ራሳሙን ማን ወሰደላቸው?»

«እኔ። በሱባኤ ብቻቸውን ስለሚመገቡ በሩ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። ሲነጋ ደወል ልደውል ስነሣ በሩ ገርበብ ብሎ አየሁትና ገባሁ። አርፈው ነበር።»

ኩሽና ውስጥ እናናዬ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ለማን እንደምትልጥ እሷም አታውቅም። የጎረቤት ሴቶች «አንድ እንባ እንኳ አልወጣትም» እያሉ ያንሾካሹካሉ። ሰርካዲስ ግን ይህን ዓይነት ሰው ታውቃለች፤ በመስታወት ታየዋለች። ከዕቃ ማድረቂያው ላይ አንድ ጎድጓዳ የብረት ሳህን አነሣች።

«ይህ የመምህር ነው? ማን አጠበው?»

«እኔ አይደለሁም። ጠዋት ታጥቦ አገኘሁት። ጋሼ ያጠበው መሰለኝ።»

«በሱባኤ ከክፍሉ ይወጣል እንዴ?»

«ቤት ቢቃጠል አይወጣም። መታጠቢያውም እዚያው ውስጥ ነው።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሰርኬ፣ ፍትሐት ሳይደረግለት እንዴት አፈር አለብሰዋለሁ? ዕድሜውን በሙሉ ስለ ሰው ሲጸልይ ኖሮ፣ ለእሱ የሚጸልይለት ይጣ?»

ሰርካዲስ ስልኩን አንሥታ ለፖሊሱ፣ ቀጥላም ለቄሱ ደወለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቤዝመንት ተሰበሰቡ። ቄሱ ወንበር ላይ፣ ሌሎቹ ምንጣፍ ላይ፣ ፖሊሱ ከአንድ አስተርጓሚ ጋር ደረጃው ሥር ቆመዋል። ለቅሶ አልነበረም፤ ሁሉም በበረዶ ውስጥ ብዙ እንደቆየ እግር ደንዝዘዋል። ሰርካዲስ መምህር ከኬራላ ካመጧቸው የብረት ኩባያዎች አንዱን በውሃ ሞልታ ለአንድርያስ አቀበለችው።

«በዚህ ቤት አሽራሙን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። እስቲ እዚያ እንደምትጠጡት ጠጣልን።»

አንድርያስ ግራ ተጋባ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጁ በአክብሮት ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ተጎነጨ።

«ኧረ!» አሉ ጋሽ ወርቁ።

የምሥራች አፏን ያዘች። እናናዬ ቀና አለች።

«ምን ሆናችሁ?» አለ አንድርያስ።

«እነሱ የሚያውቁትን አንተ ስላላወቅህ ነው» አለች ሰርካዲስ። «ዛሬ ጠዋት ኬራላ ደውዬ ጠይቄያለሁ። በዚያ ገዳም ኩባያው የጋራ ነው፤ ስለዚህ ከንፈር አይነካውም። ውሃው ከላይ ወደ አፍ ይፈስሳል። አንድ ቀን የኖረ እንግዳ እንኳ ይህን ይማራል። መምህር እዚህ መጥተውም አልተዉትም። ጋሽ ወርቁ ያፌዙባቸው በዚህ ነው። የምሥራች በየጠዋቱ ደረታቸውን የምትጠርገው በዚህ ነው። እናናዬም ነጠላውን ስትይዝ ታያለች።»

«ኩባያውን ከንፈሩ ነክቶት አያውቅም» አለች እናናዬ ቀስ ብላ።

«ሬሳው አጠገብ በነበረው ላይ ግን የከንፈር ምልክት አለ። ከዚያ የጠጡ እሳቸው አይደሉም፤ ከሞቱ በኋላ መድኃኒቱን በጥብጦ ኩባያውን ከንፈራቸው ላይ ተጭኖ ያተመ ሰው አለ። እንዴት እንደሚጠጡ የሚያውቅ እንዲህ አይሳሳትም፤ ጋሽ ወርቁም የምሥራችም አይሳሳቱም። ታዲያ መድኃኒቱ በምን ገባ? ምሬቱን ቁንዶ በርበሬ በሚሸፍነው ራሳም ነው። እናናዬ ከድስቱ ለሁሉም ቀድታለች፣ ማንም አልታመመም። ስለዚህ የተጨመረው በእሳቸው ሳህን ላይ፣ ከኩሽና እስከ በሩ ባለው መንገድ ነው። ሳህኑ ደግሞ ታጥቦ ኩሽና ተገኘ። እሳቸው ከክፍሉ አይወጡም፤ በዚያ ንጋት ወደ ክፍሉ የገባው ደወል ደዋዩ ብቻ ነው።»

አንድርያስ ወደ ደረጃው ዞረ። ፖሊሱ መንገዱን ይዞ ቆሟል።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ» አለች ሰርካዲስ። «ስልኩን ያነሡት ሽማግሌ መነኩሴ ስምህን ሰምተው የማያውቁ መሆናቸውን ነገሩኝ። ለገናም መምህር ሲደውሉላቸው ይህንኑ ነግረዋቸው ነበር። መምህር ምን አሉህ?»

አንድርያስ ኩባያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ቤቱ ዝምታ የለመደ ነውና ማንም አላቻኮለውም።

«‹አንተው ራስህ ንገራቸው› አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «‹እኔ አላዋርድህም። ሱባኤው እስኪያልቅ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ካልነገርካቸው እሑድ እኔ እናገራለሁ።› ዳላስ ማንም አልነበርኩም። እዚህ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጠኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከነሱ ጋር ተቀምጬ ላወጣው ሞከርኩ። አልወጣም።»

«የሰጡህን የምሕረት ጊዜ ለዚህ አዋልከው» አሉ ቄሱ።

 ፖሊሱ አንድርያስን ክንዱን ይዞ በደረጃው አወጣው። ሰርካዲስ ሥራዋ በጥሩ ሲያልቅ ትንሽ ደስ ይላት የነበረውን ጊዜ ለማስታወስ ሞከረችና ተወችው።

ቄሱ ተነሡ። «እናናዬ፣ ነገ ወንድምሽን እኔው ራሴ እፈታዋለሁ። ሙሉ ፍትሐት ይደረግለታል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ» አለች፤ አሁንም ስለ ሽንኩርት ዋጋ በምታወራበት ድምፅ።

ሰዎቹ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ እናናዬ ከተደረደሩት ኩባያዎች አንዱን አንሥታ ውሃ ቀዳችበት። አንገቷን ቀና አድርጋ ከላይ አንቆረቆረችው። ውሃው አፏን ስቶ አፍንጫዋ ገባ፣ አንገቷን አልፎ ደረቷን አራሰው። አሳላት። ከዚያ ሳቀች። «አርባ ዓመት እንዴት አድርጎ ነው የቻለበት?» አለች እየሳቀች፤ ሳቁም መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ጮኸች።

ደረጃው ላይ የነበሩት ሰዎች ዞር አሉ። ሰርካዲስ ከእናናዬ ትከሻ የወደቀውን ነጠላ አነሣች። ሁለቱን ጫፍ ይዛ በእሷና በሰዎቹ መካከል ዘረጋችውና ጋረደቻት፤ የራሷንም ፊት ወደ ግድግዳው አዞረች። ነጠላው ርጥብ ነበር። ለቅሶው ቶሎ አላለቀም፤ ክንዷ ሲዝል ተሰማት፣ ግን አላወረደችውም።