ወለዱ አሥራ አንድ ቢገባ

የተዋወቁት ሊፍት ተበላሽቶ ነው። እሷ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፤ እሱ ሊፍት ጠጋኝ። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ተቀርቅራ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ከበሩ ወዲያ አንድ የተረጋጋ ድምፅ «አይዞሽ፣ እዚሁ ነኝ» አላት። ብረቱን እየታገለ፣ እንዳትፈራ አርባ ደቂቃ ሙሉ የባጥ የቆጡን ሲቀባጥርላት ቆየ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው በግሪስ የተለወሰ እጁን ነው፤ ቀጥሎ ዓይኑን። እሱም አያት። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ፣ ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸው።

ፍቅረኛሞች ከሆኑ ሁለት ዓመት ሆነ። በነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ ነገር ብቻ ዋሽታዋለች። ገና በተዋወቁ ሰሞን «አባትሽስ?» ሲላት፣ «ሞቷል» አለችው።

እናቷ እንዲያ ስትል ሰምታ ነው ያደገችው። አባቷ ሌላ ሴት ወዶ ከቤት ሲወጣ ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ በዚያው ቀን ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ «ከእንግዲህ ለእኛ ሞቷል» አለች፤ በቃ፣ ሞተ። ሊፍቱ ከመበላሸቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል የተዘረጋላት ማዘዣ ላይ የአባቷን ስም አነበበች። ቀና ስትል የከሱ፣ ሸሚዛቸው የሰፋቸው ሽማግሌ ቆመዋል። ልባቸው ታሟል፤ ከጎናቸው ማንም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድኃኒታቸውንና የቤት ኪራያቸውን ገንዘብ በየወሩ ትልክላቸዋለች። ለእናቷ አልተናገረችም። ለፍቅረኛዋም ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ዓመት ሞላ።

ይህን እንደደበቀች ነው ለቤት ብድር ባንክ ቤት የገቡት። ሊገዙት ያሰቡት ቤት ሦስት ክፍል አለው፤ ከሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሻጩ እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሚጠብቃቸው።

የብድር ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። «ዛሬ ወለዱ ስምንት በመቶ ነው» አላቸው። «በስምንት ትችላላችሁ። እኛ ግን ነገ አሥራ አንድ ቢገባስ ብለን ነው የምንፈትናችሁ። ሲመቻችሁማ ማንም ይከፍላል። ሲጠብባችሁ መቻላችሁን ነው የምናየው።»

«ገና ሳንገባበት ልታስጨንቁን ነዋ!» ብሎ ፍቅረኛዋ ሳቀ። ጠረጴዛው ሥር እጇን ያዝ አደረጋት።

ባለሙያው አልሳቀም። የሒሳብ መግለጫዋን ገጽ በገጽ እየገለጠ ወረደ። «በአሥራ አንድ ሲሰላ ትንሽ ይጎድላችኋል» አለና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «በየወሩ የምትልኪው ይሄ ገንዘብ ባይኖር ግን ታልፉ ነበር። ለጊዜው ነው ወይስ ይቀጥላል?»

«ለጊዜው ነው» ብትል ያለቀለት ነገር ነው። ዓርብ ቤቱ የእነሱ ይሆናል፤ ፍቅረኛዋም ምንም ሳያውቅ ይቀራል።

«የምን ገንዘብ ነው?» አለ ፍቅረኛዋ አንገቱን አስግጎ። የተቀባዩን ስም አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ለጊዜው አይደለም» አለች ለባለሙያው፣ ፍቅረኛዋን ማየት አቅቷት። «አባቴ ናቸው። በሕይወት እስካሉ አላቋርጥም።»

«ሞቷል ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬህ ነበር።»

ፍቅረኛዋ እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አወጣ። ባለሙያው መሳቢያውን ከፍቶ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ።

ወደ መንገድ ሲወጡ የፍቅረኛዋ ፊት አመድ መስሏል። «ቤቱ ገደል ይግባ» አላት። «በር ተዘግቶብሽ፣ መልኬን እንኳ ሳታዪ አምነሽኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እያየሽኝ ግን ማመን አቃተሽ። ምን ያደርገኛል ብለሽ ነው?»

መልሷን አልጠበቀም፤ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

ዓርብ አለፈ። ቤቱ ለሌላ ተሸጠ። ስልኩን አያነሣም። እሷ መድኃኒት ስትቆጥር ቁጥሩ እየጠፋባት እንደገና ትጀምራለች። እሑድ እናቷ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ዘረገፈችው። «ለእኔ እንደሞተ ነው» አለች እናቷ። «ላንቺ ግን አባትሽ ነው። እኔ ነኝ ውሸቱን ያስለመድኩሽ።»

ከተለያዩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መድኃኒት ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ቀና ሳትል እጇን በመስኮቱ ዘርግታ «ማዘዣ» አለች። ወረቀት የሚሰጣት ጠፋ።

«ማዘዣ የለኝም» አለ የምታውቀው ድምፅ። «አድራሻ ፈልጌ ነው፤ የአባትሽን።»

ከጎኑ የተሰለፉት ሴትዮ አጉረመረሙ። እሷ እንባዋ መጣባት። «ምን ልታደርግ?»

«ልጅዎን ይስጡኝ ልላቸው ነዋ! እስካሁንማ ሞቱ ተብዬ ማንን ልጠይቅ?»

በማግሥቱ ከሥራ ሲወጡ አብረው ሄዱ። አባቷ ያላቸው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ለእንግዳው ሰጥተው እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የመጣበትን ሲነግራቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ።

«እኔ ያላሳደግኋትን ልጅ በምን አፌ ሰጥቼሃለሁ እላለሁ፣ ልጄ?» አሉ። «የራሷን ፈቃድ ጠይቅ። እኔን ከሰው ቆጥረህ መምጣትህ ይበቃኛል።»

ዞሮ አያት። እሷም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ባለሙያ ፊት ተቀመጡ። አሁን የመረጡት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከሆስፒታሉ ሁለት አውቶቡስ ይርቃል። በማመልከቻው ላይ የአባቷን ወጪ ፍቅረኛዋ ራሱ ነው ከሁሉ በላይ የጻፈው። ባለሙያው አሥራ አንድን አስገብቶ አሰላ። ሰውየው ድጋሚ አሰላ።

«አልፋችኋል» አለ። «ግን ለጥቂት ነው፤ አትዘናጉ።»

አልተዘናጉም። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ግን፣ ባሏ ያኔ የሳቀበት ፈተና እውነት ሆኖ መጣ፤ ወለዱ አሥር ተኩል ገባ። ባንኩ የላከውን ደብዳቤ እሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባሏ የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ አጠገቧ ተቀመጠና ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበ።

«በይ፣ ከአባባ ገንዘብ በቀር የፈለግሽውን ቀንሺ» አላት።

እስክሪብቶውን አላነሣችም፤ «እያየሽኝ ማመን አቃተሽ» ያላት ትዝ አላት።

«ቆይ» አለችው። «መጀመሪያ ልይህ።»