ሰም ያልለበሰ ቅጠል

ፍቅር ዕውር ነው ሲባል የችግኝ ጣቢያው ተመራማሪ ትስቅ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን የጥድ ችግኞቹ መደብ አጠገብ ቆማ፣ ቅጠሉን ማየት ሲገባት የመድኃኒት ረጪውን ወጣት ፈገግታ ስታይ ቆየች። «ቅጠሉ ጠንክሯል፤ ፀረ አረሙን እርጨው» አለችው። እሱም መርጫውን አዝሎ ረጨ።

ከሳምንት በኋላ የችግኞቹ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ተጠማዘዘ። ቅጠሉ ገና ለጋ ነበር። የጠና የጥድ ቅጠል የሚለብሰው ሰም ስላልነበረው መድኃኒቱን እንደ ውሃ ጠጥቶታል።

የችግኝ ጣቢያው ባለቤት የተመራማሪዋ አጎት ናቸው፤ ቱግ ለማለት የሚቀድማቸው የለም። «ማን አዘዘህ?» ብለው ረጪው ላይ ጮኹ።

«የኔ ጥፋት ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ችግኞቹ ከሞቱ ጓዝህን ጠቅልል!»

ወሬው ላቦራቶሪ ድረስ ደረሰ። ተመራማሪዋ እየሮጠች ሄዳ መርጫውን ሲያጥብ አገኘችው።

«ምን ነካህ? ያዘዝኩህ እኔ!»

«አንቺ ከተባረርሽ እኔ እዚህ ምን ቀረኝ?» አለ ቀና ሳይል።

እሷም በቀጥታ አጎቷ ቢሮ ገባች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።»

አጎቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስለ ችግኙ ነው የምታወሪኝ ስለ ልጁ?»

«ስለ ሁለቱም!»

«እንግዲያው ጥዶቹ ይፍረዱ» አሉና ሳቃቸውን ዋጡ።

ከዚያ ወዲያ ቅጠል እየፈጨች በውስጡ የቀረውን የመድኃኒት መጠን ትለካ ጀመር። እሱ አረሙን በእጁ እየነቀለ ይጠይቃታል።

«ይተርፋሉ?»

«የገባባቸውን መርዝ ራሳቸው ቀስ እያሉ ይሰባብሩታል። ማዳበሪያ ብንጨምር እናስጨንቃቸዋለን። መጠበቅ ነው።»

ከሳምንት ሳምንት መጠኑ አነሰ። ጥቂቶቹ ደረቁ፤ የቀሩት ግን አንድ ጠዋት አረንጓዴ እምቡጥ አወጡ። አጎቷ ጎንበስ ብለው አዩና «በል፣ ሥራህን ቀጥል» ብለውት ሄዱ።

ረጪው አንገቱን አከከ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ችግኞቹ ሳይድኑ ብጠይቅሽ በጸጸት እሺ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ታገቢኛለሽ ወይ?»

ጎንበስ ብላ አንዱን እምቡጥ በጣቷ ነካች። እሱ ላብ በላብ ሆነ።

«አንተ ጥድ ስትጠብቅ» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እኔ ስንት ጊዜ ሙሉ አንተን ስጠብቅ ነበር መሰለህ!»

ጭቃ የነካውን እጁን እስኪጠርግ ሳትጠብቅ ያዘችው።